«አያቴ ጭሰኛ፣ የባለቤቴ አያት ባለርስት»፦ ታዲያ የተበደለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «የተወለድኩት አርሲ ነው። አያቴ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጭሰኛ ነበሩ። ባለቤቴ የጎጃም ልጅ ናት፤ የእሷ አያት ባለርስት ነበሩ። አሁን የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጆቻችን ስለ ድሮው ሲጠይቁን እኔና እሷ እንጣላለን። እኔ ‹ነገሥታቱና መኳንንቱ ደቡቡን ዘርፈው ሰሜኑን አበለጸጉ› እላለሁ። እሷ ‹የእኛም ሰው ከእጅ ወደ አፍ ነበር የሚኖረው፣ የቱ ጋ ነው የበለጸገው?› ትላለች። ማን ልክ ነው? ደርግ መሬቱን ለአራሹ ከሰጠ በኋላስ ገበሬው ለምን ድሃ ሆኖ ቀረ?»

መልስ፦

የምትጣሉት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ስለምታወሩ ነው። እርስዎ የሚያወሩት ስለ መብት ነው፤ ባለቤትዎ ስለ ኑሮ። በኑሮ ካየነው የአርሲው ጭሰኛና የጎጃሙ ባለርስት ያን ያህል አይራራቁም ነበር። ሁለቱም በባዶ እግራቸው ያርሳሉ። የሁለቱም ጎተራ ክረምት ሲገባ ይራቆታል። በመብት ካየነው ግን ሰማይና ምድር ናቸው። የእርስዎን አያት አንድ ሰው ጠዋት መጥቶ «ልቀቅ» ሊላቸው ይችል ነበር። የባለቤትዎን አያት እንዲህ የሚላቸው ሰው አልነበረም። ይህን ልዩነት ያመጣው አፈሩ ወይም ዝናቡ አይደለም። ከላይ የተቀመጡ ሰዎች በየዘመኑ የወሰኑት ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቃል እናጥራ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ርስትና ጉልት አንድ አይደሉም። ርስት፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት እወለዳለሁ የሚል ሰው ያለው የማረስ መብት ነው። በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው አራት አምስት ቦታ «ርስት ይገባኛል» ሊል ይችላል። ጎጃም ውስጥ ሰው ዕድሜውን በርስት ሙግት የሚጨርሰው ለዚህ ነበር። ባለርስቱ መሬቱን እንደ ዕቃ ለባዕድ አይሸጠውም፤ ግን አይነቀልም። ጉልት ደግሞ መሬቱ ራሱ አይደለም፤ ከመሬቱ የሚገኘው ግብር ነው። ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለገዳም ወይም ለጦር አለቃ «የዚህን አገር ግብር ብላ» ብሎ ይሰጣል። ባለጉልቱ አያርስም። ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል።

እዚህ ጋ ቆም ይበሉ። ግብር ሰብሳቢውና ዳኛው አንድ ሰው ነው። ገበሬው «ግብር በዛብኝ» ብሎ ቢከስ ክሱን የሚሰማው ያው የጫነበት ሰው ነው። በደንቡ ይግባኝ እስከ ንጉሡ ችሎት ይደርሳል። ግን እርሻውን ጥሎ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ለሳምንታት በእግሩ የሚሄድ ስንቱ ነው? በእኔ እይታ የድሮው ሥርዓት ዋና ሕመም መሬት የማን ነው የሚለው ብቻ አልነበረም። የሚበላውም የሚፈርደውም አንድ እጅ መሆኑ ነበር። ይህን እጅ በልብዎ ይያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ባለቤትዎ «የእኛም ሰው ድሃ ነበር» ሲሉ ልክ ናቸው። ምክንያቱን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ይነግረናል። ዛሬ ስለ ሙስና ስናወራ እንጠቅሰዋለን። ግን ስለ ሰው ባህርይ ብቻ የተነገረ አድርጋችሁ አትዩት፤ የአሠራሩንም ሒሳብ ይናገራል። ንጉሡ መኳንንቱ ሥር እንዳይሰድዱበት ቶሎ ቶሎ ይሾማል፣ ይሽራል። ባለጉልቱ ከርሞ እዚያው መኖሩን አያውቅም። ታዲያ ለምን ብሎ መስኖ ያወጣል? ለምን ድልድይ ያሠራል? ሳይሻር በፊት የቻለውን ይሰበስባል። በዚያ ላይ ጦር ሲያልፍ ወታደሩ በገበሬው ቤት ያድራል፣ የገበሬውን ይበላል። ርስቱም ለልጆች ሁሉ ስለሚከፋፈል በየትውልዱ እየጠበበ ይሄዳል። የጎጃሙ ሰው መሬቱን አይነጠቅም፤ ከመሬቱ የሚተርፈውን ግን ይነጠቃል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ሌላ ስህተት ላርም። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለውን አባባል ይዘው «ቤተ ክርስቲያን የአገሪቱን መሬት አንድ ሦስተኛ ይዛ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው። አባባሉ የሥርዓቱን ሐሳብ ይናገራል እንጂ በገመድ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር አይደለም። በአንዳንድ ቦታ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ከዚያ በጣም ያንሳል፣ በአንዳንድ ቦታ ይበልጣል። ደግሞም ብዙው ጉልት ነው። ገዳሙ ግብር ይበላል፣ የሚያርሰው ባለርስቱ ነው።

ሰሜኑም አንድ ወጥ አልነበረም። ለባለቤትዎ ይህን ቢያነሱባቸው አይከፋም። በርስት ጎጆ ውስጥ የማይገቡ ነበሩ። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ርስት አይቆጠርላቸውም፤ «ቡዳ» ተብለው ይገለላሉ። እስላሙ ነጋዴ በብዙ የደጋ አገር ርስት መያዝ አይችልም ነበር። ቤተ እስራኤሎችን ይመልከቱ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን» ብለው አወጁ ይባላል። ፈላሲ ማለት አገር የለሽ፣ ተንከራታች ማለት ነው። «ፈላሻ» የሚለው ስያሜ ከዚህ ጋር የሚያያዘው ለዚያ ነው። ዛሬ እስራኤል ያሉ ሽማግሌዎች ቃሉን እንደ ስድብ የሚሰሙት ያለ ምክንያት አይደለም። መሬት የተነጠቁት ሰዎች ወደ ቀጥቃጭነትና ሸክላ ሥራ ገቡ፤ ከዚያ በዚሁ ሥራቸው ተናቁ። መጀመሪያ መብቱ ይነሳል፣ ቀጥሎ ንቀቱ ይመጣል። ሲቆይ ንቀቱ የተፈጥሮ ነገር ይመስላል።

«ገዢዎቹ» ስንልም እንደ አንድ ሰው የሚያስቡ አድርገን እንዳንስላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ ብለው ነበር። ለወታደሩ ደመወዝ ሊከፍሉ ፈልገው ነው፤ ወታደር ደመወዝ ካገኘ ገበሬውን አይዘርፍም። ካህናቱ ተነሡባቸው፣ ከጳጳሱ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣሉ፣ ሐሳቡም ከሽፎ ቀረ። የወታደር ደመወዝ ነገር ግን እዚያ አላበቃም። የአርሲ ታሪክ ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው።

በ1870ዎቹ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር አርሲን ለመያዝ ለዓመታት ተዋጋ። ዘመቻውን ከመሩት ዋናው የንጉሡ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። አርሲ ጠንክሮ ስለተዋጋ የከፈለው ዋጋም ከባድ ነበር። እዚህ ላይ «ደቡቡ» የሚለውን ቃል መበተን አለብን። የጅማው አባ ጅፋርና የሌቃ ነቀምቱ ሞረዳ በሰላም ገብረዋል። ስለዚህ ዓመታዊ ግብር እየላኩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ጅማ እስከ 1920ዎቹ ድረስ። አርሲ፣ ወላይታና ከፋ ግን ስለተዋጉ ጦር ሰፈረባቸው። አንድ ሰው አያቱ ጅማ፣ የሌላው አያት ወላይታ ሆነው ሁለቱም «የደቡብ ሰው ነን» ቢሉ የአያቶቻቸው ታሪክ በጣም የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ጦሩ ለምን እዚያው ሰፍሮ ቀረ? መንግሥት ሠራዊት እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። ደመወዝ የሚከፍለው በሰው ነበር። ነፍጠኛው እንደ ማዕረጉ የተወሰነ ቁጥር ያለው ገባር ይሰጠዋል። ገባሩ እህልና ማር ያገባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱ ትፈጫለች፣ እሱ ዘብ ይቆማል። ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀው ክፉ ቀን ነገሩን አባሰው። የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ጨረሰ፣ ረሀብ ገባ፣ የተራበ ወታደር ወደ ደቡብ ፈለሰ። ለሠራዊቱ ቀለብ ሲባል የአሥራት ግብር የተጣለውም በዚያው ሰሞን ነው። በደሉ ከክፋት ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ ከክፉዎቹ ጋር ይሞት ነበር። አሠራር ስለነበር ግን ደግ ሰውም ቢሾም፣ ክፉም ቢሾም፣ ገባሩ ያው ገባር ነው።

ከዚያ ቀላድ መጣ። ቀላድ መለኪያ ገመዱ ነው፤ መሬቱ በጋሻ ተለካ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ግድም ነው። ከተለካው ሲሶው ለአገሬው ባላባት ይሰጣል፣ ሁለቱ እጅ ለመንግሥት ይሆናል። መንግሥት ደግሞ ለሹሙ፣ ለወታደሩና ለቤተ ክርስቲያን ያድላል። ሲሶው በወረቀት ላይ ለጎሳው ይመስላል። ግን በባላባቱ ስም ነው የተጻፈው። ትናንት የጎሳ ሽማግሌ የነበረው ሰው ባለመሬት ሆነ፣ የሥጋ ዘመዶቹ ጭሰኞቹ ሆኑ። ስለዚህ አያትዎ ጭሰኛ የነበሩት የማን መሬት ላይ እንደሆነ ሳይጠይቁ «የሸዋ ነፍጠኛ» አይበሉ። የአካባቢው ባላባት ሊሆንም ይችላል። ይህን ስል በደሉን እኩል ማካፈሌ አይደለም። ሲሶ ያገኘው ከሁለቱ እጅ ባለቤት ጋር አይተካከልም፤ ገመዱን የዘረጋውም እሱ አይደለም።

ነፍጠኛውም ቢሆን የአንድ ብሔር ሰው ብቻ አልነበረም። ከዘመቻው ታላላቅ አዝማቾች አንዱ ራስ ጎበና ዳጪ ኦሮሞ ናቸው። ከተራው ወታደርም የሸዋ ኦሮሞ ብዙ ነበር። በሌላ በኩል ከአርሲ የሚሰበሰበው ማርና እህል ለጎጃም ገበሬ አንዲት ቁና አልጨመረለትም። አዲስ አበባ ገባ፣ የመኳንንቱ ግቢ ገባ። «ሰሜኑን አበለጸጉ» የሚለው አባባልዎ የሚሳተው እዚህ ላይ ነው። ግን ተጠንቅቀን እንናገር፤ ይህን ሐቅ ይዘው «እንግዲያው የብሔርና የሃይማኖት በደል አልነበረም» የሚሉም አሉ። ነበረ። የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነው። የሹመቱ በር ሃይማኖት ነው። የአርሲ ሰው ሲከሰስም ሲከስም በአስተርጓሚ ነው። ጎጃሜው ዳኛው ቢበድለውም የተበደለውን ይሰማል፤ ያኛው ፍርዱን እንኳ አይሰማም።

ጣሊያን ሲመጣ ገባርነትን ሻረ። ለኢትዮጵያዊው አዝኖ አይደለም፤ የባላባቱን ጉልበት ለመስበር ነው። ከነፃነት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም አልመለሱትም። በ1934 ዓ.ም. ግብሩ በገንዘብ ሆነ፦ ለለም መሬት በጋሻ 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5። በ1937 አሥራቱም በገንዘብ ተተመነ። ጉልበት ማስገበር ተከለከለ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ያኔ ሥርዓቱ አከተመ» ይላል። በጉልበት ረገድ እውነት ነው። ግን በደረሰኙ ላይ የማን ስም ይጻፋል? ግብር በስሙ የገባለት ሰው ባለመሬት ሆነ። ለዘመናት እዚያው ያረሰው ሰው ጭሰኛ ሆነ። ቃሉ ከጭስ የመጣ ነው፤ በሰው መሬት ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ። መንግሥት ለአርበኛው፣ በጣሊያን ጊዜ ለተሰደደው፣ ለመኮንኑና ለሹሙ ከመንግሥት መሬት እየቆረሰ ሰጠ። ያ «የመንግሥት መሬት» ባዶ አልነበረም፤ ሰው ነበረበት።

ሕጉንም እዩት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በእኩል አራሽነት ውል ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ መውሰድ እንዲችል ይፈቅዳል። አራሹ የሚቀረው ሩብ ነው፤ ከዚያ ላይ ብዙ ጊዜ አሥራቱንም የሚከፍለው እሱ ነው። የጭሰኛውን ይዞታ የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ግን ባለመሬቶች ናቸው። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ ለሕግ መምሪያው ለመወዳደር ደግሞ ንብረት ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ረቂቁ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። ገዢዎች ታሪክን የሚቀርጹት ባወጁት አዋጅ ብቻ አይመስለኝም። መሳቢያ ውስጥ አቆይተው ባላወጁትም ነው።

አያትዎ የአርሲ ጭላሎ ሰው ከነበሩ አንድ ነገር ልንገርዎ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላን ማዕከል ያደረገ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣ፣ ስንዴው ጥሩ ያዘ። የታሰበው ትንሹን ገበሬ ለመርዳት ነው። ባለመሬቱ ግን ሒሳቡን ሠራ፦ ትራክተር ካለ ጭሰኛ ለምን? ብዙ ቤተሰብ ከመሬቱ ተነሣ። ልማት በራሱ ጥሩ ነበር። የማያስነሣ ውል የሌለው ሰው ላይ ሲወርድ ግን ነቀለው። የመብትና የኑሮ ልዩነት ያልኩት እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የአርሲው ጭሰኛ የተፈናቀለው ምርት ሲጨምር ነው።

በዚያው በ1960 መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጀ። ጎጃም እምቢ አለ። ነገሩ ይገርማል፤ ግብሩ እንደ ገቢ መጠን ስለሚከፈል ከበፊቱ ይሻላል ሊባል የሚችል ነበር። ግን የጎጃም ባለርስት የሰማው «ሊለኩን ነው» የሚለውን ነው። ደቡብ ላይ ቀላድ ምን እንዳመጣ ያውቃል። ከተለካ በኋላ ርስት ይቀራል፣ ጭሰኝነት ይመጣል ብሎ ሠጋ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት አፈገፈገ፣ ውዝፉንም ማረ። በባሌ በእነ ዋቆ ጉቱ የተመራው አመፅ ደግሞ በ1955 ተጀምሮ እስከ 1962 ቆይቷል። ከበስተጀርባው ካሉት ምክንያቶች ትልቆቹ መሬትና ግብር ነበሩ። እንግዲህ ለባለቤትዎ ይህን ይንገሯቸው፦ የእርስዎ ዘመዶች በአርሲ ያለፉበት ነገር ለእሳቸው ዘመዶች ማስፈራሪያ ነበር። ሁለቱ ታሪክ አንድ ገመድ ላይ ነው የታሰረው።

አሁን ወደ ደርግ። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጣ። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም። መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ ተከለከለ። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ተቋረጠ። ይህን አዋጅ የሚያጣጥሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ለእርስዎ አያት ያ ቀን ልክ እንደ ልደት ቀን ነበር ብል አላጋነንኩም። ለባለቤትዎ አያት ግን ሌላ ነው። ርስትም አብሮ ቀርቷል። ከአባት ከእናት ቆጥሮ የሚያገኘውን መብት አሁን ከገበሬ ማኅበር ነው የሚያገኘው። ደቡቡ ሲጨፍር ሰሜኑ የቀዘቀዘው «ፊውዳል» ስለሆነ አይደለም፤ የሚያጣው ነገር ስለነበረው ነው።

ታዲያ ለምን ድሃ ሆኖ ቀረ? አንደኛ፣ «መሬቱን ለአራሹ ሰጠ» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። አዋጁ ባለመሬቱን አስወገደ፣ መሬቱን ግን መንግሥት ያዘው። ገበሬው የማረስ መብት ነው ያገኘው። ሁለተኛ፣ ያ በልብዎ ይያዙት ያልኩት እጅ ተመለሰ። የገበሬ ማኅበሩ መጀመሪያ የገበሬው የራሱ ነበር። የፍርድ ሸንጎ ነበረው፣ ሰው ይመርጣል፣ ይሽራል። ብዙም ሳይቆይ ግን ግብር የሚሰበስበው፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ኮታ የሚያስገባው፣ ወጣቱን ለጦር የሚመለምለው፣ የሚዳኘውም ያው ማኅበር ሆነ። ኮታው በዛብኝ ያለ ገበሬ የሚከሰው ለማን ነው? ለዚያው። ባለጉልቱ ሄደ፣ አሠራሩ ቀረ። መንደር ምሥረታውና ሠፈራውም ሲመጣ ገበሬው እምቢ የሚልበት መብት አልነበረውም። አያትዎን ባለመሬቱ «ልቀቅ» ይላቸው ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካድሬው «ተነሥተህ እዚያ ተሰብሰብ» አላቸው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያነሣው ነው። አዋጁ መሬት ወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ትምህርት ግን አይወረስም። የባለመሬቱ ልጆች አዲስ አበባ ተምረዋል፣ አንዳንዶቹ ውጭ አገር ደርሰዋል፣ ቋንቋ ያውቃሉ፣ ሰው ያውቃሉ። የጭሰኛው ልጅ መሬት አገኘ፣ ትምህርት ቤት ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ልዩነቱ ከመሬት ወደ ወረቀት ተዛወረ። በእርግጥ ሁሉም የባለመሬት ልጅ አልተረፈም። የታሠረ፣ የተገደለ፣ ሁሉን ያጣ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሎ የደርግን መሠረት አጸና። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ቅሪት» የተባሉ ገበሬዎች ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደረገ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር የነበሩ ሰዎች በዚያ ስም ተጠሩ። የድሮ ታሪክ የዛሬ መሬት ማከፋፈያ ሲሆን እንዲህ ነው። ለዚህ ነው በቤትዎ ያለውን ክርክር እንደ ተራ ወሬ የማላየው።

ሆኖም ሁሉንም ነገር በምኒልክ ዘመን ላይ አይከምሩት። ከ1870ዎቹ ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጓል፣ ማሳው ጠቧል፣ ጦርነት በላዩ ላይ ተፈራርቋል። የቀላዱ ነገር የዛሬን ድህነት በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። ምን ያህሉን ይገልጻል ብሎ በመቶኛ የሚነግርዎ ሰው ካለ አይመኑት።

የጽሑፍ ማስረጃውንም በጥንቃቄ ያንብቡ። የሰሜኑ ርስትና ጉልት በወንጌል ኅዳግ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፈው የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ነው። የአርሲው መዝገብ ደግሞ ግብር ሰብሳቢው የያዘው ነው። አያትዎ እዚያ ውስጥ ካሉ፣ በሌላ ሰው ስም ሥር እንደ ጋሻ ቁጥር ነው ያሉት። ስማቸው አለመገኘቱ አለመኖራቸውን አያሳይም። በተቃራኒው ደግሞ የቤተሰብ ትውስታ ይጨመቃል። ሦስት የተለያዩ ባለመሬቶች በአንድ ክፉ ሰው ስም ይጠራሉ፤ የ40 ዓመት ነገር የአንድ ክረምት ወሬ ይሆናል። ሁለቱንም አቆራኝተው ነው ማየት።

ምክሬ ይህ ነው። ለልጆቻችሁ «ሰሜን በላ፣ ደቡብ ተበላ» አትበሉ። «ሁሉም ድሃ ነበር፣ እኩል ነው» ብላችሁም አታድበስብሱ። ሁለቱ አያቶች እያንዳንዳቸው የነበራቸውን መብት በስሙ ንገሯቸው። ለዚያ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ለማን ትከፍሉ ነበር? ማን ሊያስነሣችሁ ይችል ነበር? ስትበደሉ ለማን አቤት ትሉ ነበር? ሽማግሌ ሲጠይቁ «ባለመሬቱ ማን ነበር» ብለው አይጀምሩ። ብዙ ጭሰኛ ባለመሬቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። የሚያውቀው ምስለኔውን፣ የባለመሬቱን ወኪል ነው። «ምስለኔው ሲመጣ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» ብለው ይጀምሩ፣ ወሬው ራሱ ይፈስሳል። በጎጃም በኩል ደግሞ «ከማን ተወልዳችሁ ነው ይህን መሬት የያዛችሁት?» ብለው ይጠይቁ። ቆጠራው ካለቀ በኋላ «ሸማኔውስ? ሸክላ ሠሪዋስ የት ነበር ቤቷ?» ይበሉ። አሮጌ የግብር ደረሰኝ ካለ ፎቶ ያንሱ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ደረሰኙ ዛሬ መሬት አያስመልስም። ያስመልሳል የሚል ጉዳይ ፈጻሚ ካገኙ ገንዘብዎን ይያዙ።

ሌላም ልጨምር። እርስዎ የጎጃሙን ወገን ይጠይቁ፣ ባለቤትዎ የአርሲውን። ሰው ለራሱ ልጅ የማይነግረውን ለአማች ይነግራል። በ1967 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። በዚህ ሳምንት ይደውሉላቸው፣ ስልኩንም ድምፅ ቅጂ ላይ ያድርጉት።